ከሻይ መደርደሪያው ፊት፦ ለዕለት ተዕለት ጠጪ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በአዲስ አበባ ከሚገኙት ሱፐርማርኬቶች በአንዱ የሻይ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው በፓኬት የታሸገ የአገር ውስጥ የሻይ ቅጠል፣ ከውጭ የመጣ ቲ ባግ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የተቀላቀለበት የቅመም ሻይ፣ ከርከዴ፣ ጦስኝ፣ ሽፈራው፣ ከዚያም አልፎ ክብደት ይቀንሳል የሚል ጽሑፍ የታተመበት ካርቶን ጎን ለጎን ተደርድሮ ያገኛል። ቡናን በሚመለከት ብዙዎቻችን ምርጫችንን እናውቃለን፤ የሐረሩን ከይርጋጨፌው፣ የጅማውን ከሲዳማው እየለየን እንከራከራለን። ወደ ሻይ ስንመጣ ግን እጃችን የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በቤታችን ሲገዛ ባየነው ፓኬት ላይ ወይም ቀለሙ በማረከን ካርቶን ላይ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሻይ መቅመስን ሙያው ላደረገ ሰው ሳይሆን፣ ጠዋት ከዳቦ ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንዲሁ ለሚጠጣና ከለመደው ፓኬት ወጣ ብሎ ሌላውን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልግለጽ፦ አንድን ሻይ ተስማሚ የሚያደርገው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን ገዢው ቤቱ ገብቶ የሚያፈላበት መንገድ ነው። በብራድ አፍልቶ በፔርሙዝ ለቤተሰብ የሚያቀርብ ሰውና በቢሮው አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከረጢት የሚነክር ሰው አንድ ዓይነት ሻይ መግዛት የለባቸውም። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት ሻዩ በምን እንደሚፈላ፣ ስኳር፣ ወተት፣ ሎሚ ወይም ቅመም ይጨመርበት እንደሆነ፣ እንዲሁም በየትኛው የቀኑ ሰዓት እንደሚጠጣ መወሰን ይቀድማል።

ውሃችን መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል

ከውጭ በሚመጡ ካርቶኖች ጀርባ የሚታተመው የአፈላል መመሪያ በአብዛኛው የፈላ ውሃ በላዩ ላይ ጨምሮ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅን ያዝዛል። መመሪያው የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚፈላባቸው ዝቅተኛ አገሮች ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባም የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ባሕር ዳር ላይ 94፣ ድሬዳዋ ላይ 96 ገደማ ይሆናል። እሳቱን የቱንም ያህል ብንጨምር ክዳኑ በተከፈተ ወይም እንፋሎት በሚያስወጣ ዕቃ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ለጥቁር ሻይ እነዚህ 8 ዲግሪዎች ቀላል ልዩነት አይደሉም። ቀለሙንና ጥንካሬውን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ከቅጠሉ የሚወጡት በከፍተኛ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜው መርዘም አለበት። የሻይ ቅጠሉን ከውሃው ጋር በብራድ ጥዶ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሮ ለደቂቃዎች ማንተክተክ የእናቶቻችን ልማድ ነው። አንድ የባሕር ማዶ ሻይ አዋቂ ቢያየው ቅጠሉን አበላሻችሁት ይል ይሆናል፤ እኔ ግን በሙቀት ያጣነውን በጊዜ የሚያካክስ፣ ለደጋ ከተማ የተስማማ ዘዴ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በአንጻሩ በቢሮ ከኤሌክትሪክ ማፍያ ተቀድቶ ወደ ቀዝቃዛ ኩባያ የሚገለበጥ ውሃ ከረጢቱ ጋር በሚገናኝበት ጊዜ 85 ዲግሪ እንኳ ላይደርስ ይችላል፤ ቲ ባግ አይወጣለትም የሚለው የተለመደ ቅሬታ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መፍትሔው ኩባያውን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከረጢቱን አስቀምጦ ውሃውን እንደፈላ በላዩ ላይ መጨመር፣ ኩባያውን በሳህን ከድኖም ከ5 እስከ 6 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከረጢቱን በክሩ ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀለሙን ቶሎ ያመጣል እንጂ ሙቀቱን አይመልስም።

ይህ ጉዳይ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። በዱባይ፣ በጅዳ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ወገናችን ከአገር ቤት የተላከለትን ያንኑ ፓኬት በለመደው ጊዜ ልክ ቢያፈላው ጠቆር፣ መረር ይልበታል፤ በዚያ ውሃው 100 ዲግሪ ስለሚሞቅ ደቂቃውን ወይም ቅጠሉን መቀነስ ይኖርበታል። ከፍታው 1,600 ሜትር በሆነው በዴንቨር የሚኖር ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው።

ቅጠል፣ ድቡልቡል፣ ብናኝ

ጥቁር፣ አረንጓዴና በሁለቱ መካከል ያለው ኡሎንግ የሚባሉት ሻዮች በሙሉ የሚገኙት ከአንድ ተክል ነው። ልዩነታቸው ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ከአየር ጋር እንዲዋሃድ በተሰጠው ጊዜ ላይ ነው፤ የተላጠ ድንች ሜዳ ላይ ሲቆይ እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ የተቀጠቀጠ የሻይ ቅጠልም ይጠቁራል፤ ጠቁሮ የደረቀው ጥቁር ሻይ፣ ገና በጠዋቱ በሙቀት ተመትቶ እንዳይጠቁር የተደረገው አረንጓዴ ሻይ ይሆናል። ለዕለት ጠጪ ግን ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የፍሬውን መጠን ማየት ነው።

በሱፐርማርኬት የሚሸጠው አብዛኛው ጥቁር ሻይ የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲቲሲ በሚባለው ዘዴ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕንድ አሳም የተጀመረው ይህ ዘዴ ቅጠሉን ጥርስ ባላቸው ሲሊንደሮች መካከል እያሳለፈ ጨፍልቆ፣ ቀድዶና ጠቅልሎ ትናንሽ ድቡልቡል ፍሬዎች ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ሻይ ቀለሙ ቶሎ ይወጣል፣ ስኳርና ወተት ይችላል፣ ከቅመም ጋር ሲፈላም አይሸነፍም፤ የሚጎድለው ረቂቅ መዓዛ ነው። ሙሉ ወይም በመጠኑ የተሰበረ ቅጠል ያለው ሻይ ደግሞ በተቃራኒው በዝግታ ይወጣል፣ መዓዛው ይበልጣል፣ ያለ ወተት ሲጠጣ ያምራል፤ በ92 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በከረጢት ውስጥ የሚገባው ከሁሉም የደቀቀው ብናኝ ነው። ብናኝ መሆኑ ብቻውን የጥራት ማነስ ምልክት አይደለም፤ ከጥሩ ቅጠል የተነፋ ብናኝ ጥሩ ሻይ ይሰጣል። ነገር ግን የደቀቀ ነገር ሰፊ ገጹ ለአየር የተጋለጠ ስለሆነ መዓዛው ቶሎ ይበናል፤ ስለዚህ ቲ ባግ ሲገዙ የታሸገበትን ቀን ማየት ከቅጠል ሻይ ይልቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ስም ላንሳ። ኦሬንጅ ፔኮ የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ውስጥ ብርቱካን የለም፤ ስሙ የቅጠሉን መጠንና ደረጃ የሚያመለክት የንግድ ቃል ብቻ ነው። የብርቱካን ጣዕም ፈልጎ የገዛ ሰው ተራ ጥቁር ሻይ አግኝቶ ቢያዝን ጥፋቱ የሻዩ አይደለም።

የአገር ውስጡና ከውጭ የመጣው

የኢትዮጵያ ሻይ በሰፊው ከሚለማባቸው ቦታዎች ሁለቱ በኢሉባቦር ጎሬ አካባቢ ያለው ጉመሮና በካፋ ቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽ ናቸው። ቡና መገኛዋ እንደሆነች በምትነገረው ካፋ የሻይ ማሳ በአረንጓዴ ምንጣፍ መልክ ተዘርግቶ ማየት ለጎብኚ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና ዝናቡ፣ ከፍታውና ኮምጣጣው አፈር ለሻይም ይስማማሉ። የአገር ውስጡን ፓኬት የሚመርጥ ሰው የሚያገኛቸው ጥቅሞች ግልጽ ናቸው፦ ከማሳ እስከ መደርደሪያ ያለው ጉዞ አጭር ስለሆነ ሻዩ ትኩስ የመሆን ዕድል አለው፣ በብራድ ለማንተክተክ ይስማማል፣ ለቅመምም ይመቻል፣ ለአንድ ኩባያ የሚወጣው ወጪም ከሁሉም ያነሰ ነው። ደካማ ጎኑ በእኔ ቀመሳ ከፓኬት ፓኬት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው፤ አንዱ ወፍራምና ቀይ ሲሆን የሚቀጥለው ቀጠን ብሎ ይመጣል።

የኬንያ ሻይ ለኛ ቅርብ ዘመድ ነው። ኬንያ ጥቁር ሻይን ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን፣ ምርቷም በአብዛኛው ድቡልቡሉ ዓይነት ነው፤ ቀለሙ ብሩህ፣ ጣዕሙ ጠንካራ ነው። ሻይ በወተት ለሚወድ ሰው ከመደርደሪያው ላይ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። በሲሎን ስም የሚሸጠው የስሪላንካ ሻይ ደግሞ ቀለል ያለና ጥርት ያለ ነው፤ ለሎሚ ሻይ የሚተካከለው የለም። አገሪቱ ስሟን በ1972 እ.ኤ.አ. ብትቀይርም ሻይዋ የድሮውን ስም እንደያዘ ቀርቷል። ለቡና አገር ሰው የሚገርመው ግን ሲሎን ከሻይ በፊት የቡና አገር የነበረች መሆኗ ነው፤ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡና ቅጠል ዋግ የተባለው በሽታ እርሻዎቿን ካጠፋ በኋላ ገበሬዎቹ ወደ ሻይ ዞሩ፤ የስኮትላንዱ ነጋዴ ቶማስ ሊፕተንም በ1890 እዚያ እርሻ ገዝቶ ሻይን በትናንሽ ፓኬት ለተራው ሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በእጃችን የምናገላብጠው ቢጫ ካርቶን የዚያ ታሪክ ቅሪት ነው።

ኢንግሊሽ ብሬክፋስት የሚባለው ሻይ የትውልድ አገር ሳይሆን የቅይጥ ስም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳም፣ ከሲሎንና ከኬንያ ሻዮች ተደባልቆ ወተት እንዲሸከም ታስቦ ይዘጋጃል። በቤቱ የኬንያ ወይም ጠንካራ የአገር ውስጥ ሻይ ያለው ሰው ለዚህ ስም ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ኧርል ግሬይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ሻይ ቤርጋሞት ከተባለ የብርቱካን ዘመድ ልጣጭ በሚወጣ ዘይት የተቃኘ ስለሆነ መዓዛው እንደ ሽቶ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ገዝቼ ለእንግዶች ባቀረብሁ ጊዜ አንዲት አክስቴ ብርጭቋቸውን አሽትተው፣ «ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ በደንብ አልተለቀለቀም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሿን ካርቶን ገዝቶ መሞከር ይሻላል፤ ቀረፋና ቅርንፉድም ፈጽሞ አይጨመርበት፤ ሁለቱ መዓዛዎች ይጣላሉ።

በፓኬት የተዘጋጀውን የቅመም ሻይ በሚመለከት ፍርዴ አጭር ነው፦ ለጉዞና ለቢሮ ይመቻል፤ ለቤት ግን ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን ለብቻ ገዝቶ በልክ መጨመር በጣዕምም በዋጋም ይበልጣል። የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ጥቁር ሻይ ሲታይ ደግሞ የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ ተገቢ ነው፤ በካርቶኑ ላይ የተሳለው እንጆሪ በውስጡ ላይኖር፣ ያለው ማጣፈጫ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አረንጓዴ ሻይ ለምን ይመረናል

አረንጓዴ ሻይን ሞክረው ያልወደዱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ያፈሉት እንደ ጥቁር ሻይ ነበር። አረንጓዴ ሻይ የሚስማማው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ያለ ሙቀት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ምላስን የሚያደርቅ ምሬት ይወጣዋል። በዚህ ረገድ ከፍታችን ይጠቅመናል፤ በአዲስ አበባ ውሃው ከፈላ በኋላ በክፍት ዕቃ ለጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥ ወደሚፈለገው ሙቀት ይወርዳል። ከዚያ 2 ደቂቃ ነክሮ ከረጢቱን ማውጣት ነው፤ ስኳር ሳይጨመርበት መጠጣት ካልተቻለ ምናልባት ሰውየው የሚፈልገው ሌላ ሻይ ነው። የቻይናው አረንጓዴ ሻይ በብረት ምጣድ ስለሚታመስ የተቆላ እህል ሽታ አለው፤ የጃፓኑ በእንፋሎት ስለሚመታ ወደ ጎመን ሽታ ያዘነብላል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀላል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል፤ የሚገኘው ውጤት፣ ቢገኝም፣ እጅግ ጥቂት ነው።

ሻይ ተብለው የሚሸጡ ሻይ ያልሆኑ

ከርከዴ፣ ጦስኝ፣ ሽፈራውና ካሞሚል የሻይ ተክል ቅጠል ስለሌለባቸው ካፌይን የላቸውም። ማታ ማታ ትኩስ ነገር ለሚወድና እንቅልፉን ለሚሳሳለት ሰው ምርጫው ከእነዚህ መሆን አለበት። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ትልቅ ኩባያ ጥቁር ሻይ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ካፌይን ሲይዝ አረንጓዴው 30 ገደማ፣ በዚያው ልክ የተቀዳ ቡና ግን 95 አካባቢ ይይዛል።

ከእነዚህ መካከል ለኔ የሚልቀው በደጋው የአገራችን ክፍል የሚበቅለው ጦስኝ ነው። ጥቂት ቁንጥር ለአንድ ብራድ ይበቃል፤ ለብቻው ወይም ከቀጭን ጥቁር ሻይ ጋር ይፈላል፣ ከማር ጋርም ይስማማል። ከርከዴ በሙቅም በቀዝቃዛም ይጠጣል፤ ኮምጣጣ በመሆኑ ብዙ ስኳር ይጠይቃል፣ ስኳር ለመቀነስ የሚጥር ሰው ይህን ያስብበት። የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ጥናቶች ስላሳዩ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዘወትር ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው። ሽፈራውን ለጣዕሙ የሚጠጣ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የማቅጠኛ ሻይ ተብለው የሚሸጡትን ከመግዛት በፊት የይዘት ዝርዝሩ ላይ ሰና የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ሰና ሆድ የሚያስቀምጥ ዕፅ ነው፤ በሚዛን ላይ የሚታየው መቀነስ በአብዛኛው የውሃና የአንጀት ይዘት እንጂ ስብ አይደለም፤ በየቀኑ የሚወሰድ መጠጥም አይደለም።

ዋጋን በኩባያ መቁጠር

የካርቶን ዋጋን ከካርቶን ዋጋ ጋር ማወዳደር ያታልላል። የተለመደው ከረጢት 2 ግራም ሻይ ስለሚይዝ ባለ 25 ካርቶን በውስጡ ያለው ሻይ 50 ግራም ብቻ ነው፤ ባለ 100ው ደግሞ 200 ግራም። ለእንግሊዝ ገበያ የተዘጋጁት ከረጢቶች ግን 3 ግራም ያህል ስለሚይዙ በትልቅ ኩባያና በዝቅተኛ ሙቀት ለሚያፈላ ሰው ይሻላሉ። በፓኬት የሚሸጠውን በተመለከተ፣ ለ1 ሊትር ውሃ ከ8 እስከ 10 ግራም ብንወስድ 250 ግራም ፓኬት ቢያንስ 25 ሊትር ሻይ ይወጣዋል። በዚህ ስሌት ዋጋውን ለግራም ካካፈሉት በኋላ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ይገኛል። ቲ ባግ የሚያስከፍለን የሻዩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የክሩን፣ የወረቀቱንና የምቾቱን ጭምር ነው፤ ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ምቾቱ ዋጋውን ይመጥናል፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት ግን አይመጥንም።

ሲገዙ ሻዩ የተቀመጠበትን ቦታም ይመልከቱ። ሻይ ሽታ ይስባል፤ በትንሽ ሱቅ ከልብስ ሳሙና አጠገብ የከረመ ወረቀት ካርቶን ቤት ሲከፈት ሳሙና ሳሙና ይላል። በውስጡ የአሉሚኒየም ሽፋን ያለው ወይም እያንዳንዱ ከረጢት ለየብቻው የታሸገበት ይሻላል። ቤት ከገባ በኋላም ከበርበሬና ከኮረሪማ ርቆ፣ በሚከደን ቆርቆሮ መቀመጥ አለበት። በሚዛን ተቆንጥሮ የሚሸጥ ሻይ ላይ ጥርጣሬ ካለ ጥቂቱን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ መበተን ነው፤ ደህናው ሻይ ቀለሙን ቀስ እያለ ሲሰጥ፣ ቀለም የተነከረው ግን ወዲያውኑ ደማቅ ሆኖ ይፈስሳል።

ከምግብ ጋር ወይስ ከምግብ በኋላ

ይህ ነጥብ በካርቶኖቹ ላይ ባይጻፍም ለጾመኛ ቤት ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። በሻይ ውስጥ ያሉት ታኒን መሰል ንጥረ ነገሮች ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ይይዙታል፤ ከምግቡ ጋር አብሮ የተጠጣ ሻይ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን የብረት መጠን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ጉዳቱን በእጅጉ ያቃልላል። ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ይህን በተለይ ሊጠብቁት ይገባል። ሻይ ላይ ሎሚ መጭመቅ በመጠኑ ይረዳል፤ ሎሚው ቀለሙን ወዲያው ማንጣቱ ደግሞ ሻዩ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ቀለም ሰጪዎቹ በኮምጣጣ ውስጥ ስለሚፈዙ ነው። ማፍያቸው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዝባቸው፣ ጠጣር ውሃ ያላቸው ቤቶች በሻዩ ላይ የሚያዩት ቀጭን ቆዳ መሰል ነገርም በዚያው ሎሚ ይጠፋል።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ግዢ ይህ ነው፦ ለብራዱ አንድ የአገር ውስጥ የሻይ ቅጠል ፓኬት፣ ለቢሮው ትንሿ የኬንያ ቲ ባግ ካርቶን፣ ለማታ አንድ ጦስኝ። ወሩ ሲያልቅ ከሦስቱ ቀድሞ ያለቀውን ይያዙ፣ በሌላው ቦታ ደግሞ ሲሎን ወይም የቻይና አረንጓዴ ሻይ ይተኩ። ሁለት ጥቁር ሻዮችን ማወዳደር የፈለገ ሰው በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በእኩል ግራምና በእኩል ደቂቃ አፍልቶ፣ ስኳር ሳይጨምር መጀመሪያ ይቅመስ፤ ከዚያ በየብርጭቆው አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ይድገመው፤ ባዶውን ያሸነፈው ሻይ ስኳር ሲገባበት ብዙ ጊዜ ይሸነፋልና።